ናፍጣ ነው አትበሉኝ፦ ሁለት ፒክአፕና አንድ ትራክተር በጅማ መንገድ

ጅማ ላይ ፒክአፕ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ናፍጣ ነው» የሚለውን ነው። ደላላው ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ሊብሬውን ሳያሳይ፣ መኪናው ስንት እጅ እንዳለፈ ሳይናገር «ናፍጣ ነው ወንድሜ» ይላል። በቃ። ሙሽራ ሲያጩ «የጨዋ ልጅ ናት» እንደሚባለው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ማብዛት ነውር ይመስላል።

እኔ ግን ጥያቄ አበዛለሁ። ሁለቱንም ከኪሴ ከፍዬ ሞክሬያቸዋለሁ። ከ2011 እስከ 2015 የቤንዚን ሃይሉክስ ነዳሁ። ከዚያ ወዲህ የምነዳው የናፍጣ ሃይሉክስ ነው። በመሃል ከእህቴ ባል ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ገዛን፤ እሱ የሚውለው አሰንዳቦ በኩል ነው።

ሥራዬ ቡና ነው። በለቀማ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ፣ ከአጋሮና ከሰቃ በኩል እሸቱን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከነልጣጩ የደረቀውን ጀንፈል ደግሞ ወደ ጅማ አመላልሳለሁ። በሌላው ወር ማዳበሪያ፣ በቆሎ፣ አንዳንዴም የሰው ዕቃ እጭናለሁ። መኪናዬ ባዶውን የሚሄድበት ቀን ጥቂት ነው። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ አስተያየቴ ከዚህ ኑሮ የመጣ ስለሆነ ነው። የእናንተ ኑሮ ሌላ ከሆነ መልሱም ሌላ ነው።

በቤንዚኑ ልጀምር። 2.7 ነው፤ መካኒኮች «ቱ ቲአር» የሚሉት ሞተር። ወደድኩት፣ አልዋሽም። ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ ሳታባብሉት ይነሳል። ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። ከፈረንጅ አራዳ ወደ አጂፕ ስሄድ ከባጃጆቹ መሃል ሾልኮ ለመውጣት ነዳጁን ነካ ማድረግ ይበቃል። አንድ ቀን አክስቴን ሐኪም ቤት ሳደርሳቸው «ልጄ፣ ይሄ የጭነት ነው ወይስ የቤት መኪና?» አሉኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ሞተሩ አልተከፈተም። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ አለቀ። ውስጡ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ካቴና፣ የብረት ሰንሰለት፣ ነው። እንደ ቺንጊያ፣ እንደ ጎማው ቀበቶ፣ በየጊዜው ቀይሩኝ አይልም።

ችግሩ ይጠጣል። ኧረ ሲጠጣ! ባዶውን ሲሄድ በሊትር 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ይሰጠኛል። 10 ኩንታል ጭኜ በሊትር 7 ካገኘሁ ደስታ ነው። ወደ ዴዶ ስወጣማ የነዳጅ መቁጠሪያውን ማየት ትቼ ነበር፣ ቢታይም ያው ነው ብዬ። ደግሞ ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝም። ባጃጁም ሞተር ሳይክሉም የሚሰለፈው እዚያው የቤንዚን ሰልፍ ላይ ነው። ሥራ ሲበዛና ማደያው «አልቋል» ሲል መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ትገዛላችሁ። ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩና ፈጣሪ ብቻ ያውቁታል። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ያናድደኛል።

ሌላው ክረምቱ ነው። የእኛ አገር ዝናብ እንደ ሌላው ቦታ ሁለት ወር ጥሎ የሚያባራ አይደለም። ከበልግ ይጀምርና መስከረምም ላይ አይለቅም። ሊሙ መንገድ አጠገብ አንዲት ትንሽ ጅረት ሳቋርጥ ውሃው ከፍ ብሎ ሞተሩን ረጨው። ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። የካንዴላው ኤሌክትሪክ ረጥቧል። እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። አህያ የሚነዳ ልጅ ሁለት ጊዜ አለፈኝ፤ ሲሄድና ሲመለስ። ናፍጣ ካንዴላ የለውም፣ በእሳት ብልጭታ አይሠራም። አየር በሚስብበት በኩል ውሃ ካልዋጠ በስተቀር እንዲህ ያለ እርጥበት አይበግረውም። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ናፍጣ የተመኘሁት።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ። «ናፍጣ ጉልበት አለው» ይባላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የኔ የናፍጣ ሃይሉክስ ሞተር «ፋይቭ ኤል» የሚባለው ነው፤ 3.0፣ አየር ጠቅጥቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው፣ ነዳጁን በሜካኒካል ፖምፓ የሚረጭ፣ አገር ምድሩ የሚያውቀው። ወረቀት ላይ የመጠምዘዝ ኃይሉ 200 ኒውተን ሜትር አይሞላም። የቤንዚኑ 2.7 ግን 241 ነው። በፈረስ ጉልበትም ቤንዚኑ በሰፊው ይበልጠዋል። ማለትም «ጉልበት የለውም» ተብሎ የሚታማው ቤንዚን፣ «ጉልበተኛ» ከሚባለው አሮጌ ናፍጣ ይበረታል። ይሄን ለደላላ ብትነግሩት ይስቅባችኋል። ስቆብኛልም።

ታዲያ ሰው ለምን እንዲህ ይላል? ጉልበቱ የሚመጣበት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። ቤንዚኑ 241ን የሚሰጣችሁ በደቂቃ 3,800 ዙር ሲሞላ ነው። ጭነት ይዛችሁ ጭቃ ዳገት ላይ በ3,800 ዙር አትሄዱም። ጎማው ይዞርና ትቀበራላችሁ። ናፍጣው ያችን ትንሿን ጉልበቱን ከ2,000 ትንሽ አለፍ ሲል ጀምሮ ይሰጣችኋል። በሁለተኛ ማርሽ፣ እግራችሁን ሳትጫኑ፣ እንደ ሽማግሌ በሬ ቀስ ብሎ ይወጣል። ቤንዚኑ በዚያው ዳገት ላይ ወደ አንደኛ ማርሽ ውረድ ይላችኋል፣ ይጮሃል፣ ነዳጁን ይጨርሳል። ግን ይወጣል። ደግሞም ቀድሞ ይወጣል።

የተርቦው ጉዳይ ሌላ ነው። 3.0 ዲ ፎር ዲ የሚባለው ናፍጣ ከ1,400 ዙር ጀምሮ 343 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ያ ጉልበት ነው። አንዴ የጓደኛዬን ነድቼው ጭነቱን የረሳሁት መስሎኝ በመስታወት ወደ ኋላ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰው «ናፍጣ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው ተርቦውን ነው። ምስጋናውን ግን ፋይቭ ኤልም በነጻ ይወስዳል።

ከፍታችንንም አትርሱ። ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባህር ዳርቻው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ፣ የሚስበው አየር ስለቀነሰ ጉልበቱም ወደዚያው ይቀንሳል። ካታሎግ ላይ 95 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ጅማ ላይ 80 አካባቢ ነው። ተርቦ ያለው አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ ይሄ ብዙም አይሰማውም። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጊቤ በረሃ ወርዳችሁ መኪናው ድንገት የተሻለው የሚመስለው ለዚህ ነው። መኪናው አልተሻለውም። አየር አግኝቶ ነው።

ይሄን ሁሉ ያስረዱኝ መካኒኬ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጋራዣቸው በር ላይ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቡናቸውን እየጠጡ።

«ጋሼ፣ ካንዴላ ከሌለው ምኑ ያቀጣጥለዋል?» አልኳቸው።

«ብስክሌት ጎማ ነፍተህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«ፓምፑ ታች በኩል አይግልም?»

«ይግላል።»

«እሱ ነው። አየር ሲጨመቅ ይግላል። ናፍጣ ሞተር አየሩን ከሃያ እጥፍ በላይ ይጨምቀዋል፣ አየሩ ፍም ይሆናል፣ ከዚያ ናፍጣውን እላዩ ላይ ይረጨዋል። ክብሪት አያስፈልገውም።»

ቁጥሩን ቤት ገብቼ አየሁት። ፋይቭ ኤል አየሩን 22 እጥፍ ነው የሚጨምቀው። የቤንዚኑ 2.7 ደግሞ 9.6። ቤንዚንን እንደ ናፍጣ አብዝታችሁ ብትጨምቁት ካንዴላው ሳያዝ ራሱ ይቀጣጠላል፣ ሞተሩም ያንኳኳል። ብዙ የሚጨምቅ ሞተር ከነዳጁ ብዙ ሥራ ያወጣል። በዚያ ላይ ናፍጣ ራሱ በሊትር ከቤንዚን 10 በመቶ አለፍ የሚል ተጨማሪ ጉልበት አለው። ሌላም አለ፤ የቤንዚን ሞተር እግራችሁን ስታነሱ አየሩን በክዳን ያፍነዋል፣ በራሱ ጉሮሮ ላይ እንደ መቆም ነው። ናፍጣ አየሩን አያፍንም፣ የሚለካው ነዳጁን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀስ ሲል፣ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ገበያ መሃል ሲንቀራፈፍ የሚጠጣው ትንሽ ነው። የቡና ሥራ ግማሹ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ነው።

የኔ ፋይቭ ኤል ተጭኖ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሰጠኛል። ቤንዚኑ 7 ነበር። እስቲ ሂሳብ እንሥራ። ጅማ አጋሮ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 90። ቤንዚኑ 13 ሊትር ገደማ፣ ናፍጣው 9 ሊትር። በታህሳስ 2017 መጨረሻ በወጣው ዋጋ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር፤ የአዲስ አበባ ዋጋ ነው፣ ለእኛ የማጓጓዣ ይጨመርበታል። ቤንዚኑ 1,319 ብር፣ ናፍጣው 891 ብር። ልዩነቱ በአንድ ምልልስ 428 ብር።

ጥሩ ነው አይደል? አሁን ደግሞ ይሄን ስሙ። እኔ ስገዛ ደላላው ተመሳሳይ ዓመት ካለው የቤንዚን ፒክአፕ በላይ ለናፍጣው 400,000 ብር ጨምር አለኝ። 400,000ን ለ428 አካፍሉት። ከ930 በላይ ምልልስ ነው። ጥገናውን ሳንቆጥር፣ የጨመርኳትን ብር ለማካካስ ብቻ አጋሮን ከ930 ጊዜ በላይ መመላለስ አለብኝ።

ለእኔ ያዋጣል። በሥራ ቀን ሁሉ ወይ አጋሮ ወይ ሰቃ ወይ ሊሙ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ቤንዚኑን የገዛኝ ሰውዬ ግን አስተማሪ ነው። ከቤቱ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ የጅማው መርካቶ፣ በወር አንዴ እናቱን ለማየት አጋሮ። እሱም መጀመሪያ «ናፍጣ ብታገኝልኝ» ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ሂሳብ አንድ ላይ ሠራነው። ከላይ ባለው ዋጋ ብናሰላው፣ በወር አንዴ ከሄደ የጨመራትን ገንዘብ የሚያገኛት ከ77 ዓመት በኋላ ነው። ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ «እማዬን እድሜ ይስጥልኝ» አለና ቤንዚኑን ገዛ። እስከ ዛሬ ይነዳዋል፣ ጥያቄም አላመጣም።

አንዳንዱ «ናፍጣ ዋጋው ርካሽ ነው» ብሎ ይከራከራል። ድሮ ነበር። ለብዙ ዓመት ናፍጣ ከቤንዚን ዝቅ ብሎ ነው የኖረው። በ2014 ክረምት ላይ መንግሥት ድጎማውን ማንሳት ሲጀምር ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም፣ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ናፍጣ በለጠ። ከዚያ በኋላ አንዴ ይሄ ይቀድማል፣ አንዴ ያኛው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ብር ነው። ስለዚህ በማደያው ዋጋ ተመርታችሁ መኪና አትግዙ። የሚያዋጣችሁ የሊትሩ ዋጋ ሳይሆን ሊትሯ የምታስኬዳችሁ መንገድ ነው።

አሁን ከናፍጣው ጋር ስለ መኖር። ቤተሰቤ አልወደደውም። ሌሊት 11 ሰዓት ለመንገድ ስነሳ ሰፈሩ በሙሉ ይነሳል። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አለኝ፤ እውነትም ወፍጮ ነው የሚመስለው። ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሲሊንደሩን ቀድማ የምታሞቀው ማሞቂያ መብራቷ እስኪጠፋ ሳትጠብቁ ቁልፉን ካዞራችሁ ባትሪውን ትጨርሳላችሁ። አንዷ ማሞቂያ ከሞተች ደግሞ ሲነሳ እንደ ታመመ ሰው ነጭ ጭስ እየተፋ ነው። ዘይቱ በተቀየረ ማግስት ጥቁር ይሆናል። መጀመሪያ ሳይ ደንግጬ ነበር፤ የናፍጣ ጠባይ ነው፣ ምንም አይደለም። ነዳጅ እስኪያልቅ አትንዱት። ቤንዚኑ ቢያልቅ ትሞሉታላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ናፍጣ ሲያልቅ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፣ የእጅ ፓምፗን እየተጫናችሁ አየሩን እስክታወጡ ድረስ አይነሳም። ሰርቦ አጠገብ በዝናብ ያደረግኩት ነው፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።

ፋይቭ ኤል ሁለት ነገር አይችልም። አንዱ ቺንጊያ ነው። ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጊያ ጊዜው አልፎ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ሻጩ «ባለፈው ዓመት ተቀይሯል» ይላል። ሁሉም ባለፈው ዓመት ነው የሚቀይረው! ገዝታችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቀይሩት፣ ክርክር የለም። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ራዲያተሩ ውሃ አጥቶ ከጋለ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይሰነጠቃል። እኔ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ የራዲያተሩን ውሃ አያለሁ።

ከዚህ ውጭ ሞተሩ በሬ ነው። መንገድ ላይ ቢቆም፣ የትም ገጠር ውስጥ፣ ቁልፍና ፒንሳ የያዘ ሰው ያስነሳዋል። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። ለዚያ ነው አሮጌው ተርቦ አልባ ናፍጣ ዛሬም በዚህ ዋጋ የሚሸጠው። ሰው የሚከፍለው ለጉልበቱ ሳይሆን ሊሙ ላይ ቢቆምበት ጅማ ድረስ በገመድ እንዳይጎተት ነው። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህማ ደላሎቹ አሮጌውንም እንደ አዲስ ነው የሚጠሩት።

አዲሱ ናፍጣ፣ ኮመን ሬል የሚባለው፣ ሌላ ፍጥረት ነው። ስሙ ናፍጣ ይሁን እንጂ ከፋይቭ ኤል ጋር ዘመድ አይደሉም። እሱ ነዳጁን በ1,600 ባርና ከዚያም በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው። የመርጫው፣ የኢንጀክተሩ፣ ቀዳዳ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ንጹህ ናፍጣ ካገኘ ድንቅ ነው፤ ጸጥ ይላል፣ ይጎትታል፣ ይቆጥባል። ንጹህ ካላገኘ ግን ወዮላችሁ። ከላይ ያልኩት የዲ ፎር ዲው ጓደኛዬ አንድ ማደያ ሞልቶ ወጣ፣ ስሙን አልጠራም፣ ማስረጃም የለኝም። ናፍጣው ውሃ ነበረበት። ሰቃ ሳይደርስ መብራት በራ፣ ቀጥሎ መኪናው ጉልበት አጣ፣ ከዚያ ቆመ። አራቱም ኢንጀክተሮች ተበላሽተዋል። መኪናው ሌላ መኪና ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ሄደ፣ 350 ኪሎ ሜትር። የኢንጀክተሮቹን ሂሳብ ሲነግረኝ ቡናዬን አስቀመጥኩት። ሦስት ዓመት የቆጠበውን ነዳጅ በአንድ ቀን ከፈለ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ማለት ይሄ ነው።

የዚያኑ ሰሞን እኔም ከዚያው ማደያ ቀድቼ ነበር። ፋይቭ ኤል ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ የውሃ ማጣሪያውን ከታች ከፍቼ አፈሰስኩ፣ ሄድኩ።

ትራክተሩ ጋ ስንደርስ ክርክር የለም። ቤንዚን ትራክተር ልግዛ የሚል ሰው አላጋጠመኝም፣ ቢፈልግም የሚሸጥለት የለም። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ከ1946 እስከ 1956 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራው ግራጫው ትንሹ ፈርጉሰን መጀመሪያ የወጣው በቤንዚን ነው። በቤንዚን ተነስቶ ሲሞቅ ወደ ላምባ የሚዞርም ነበረው። የናፍጣው የመጣው በ1951 ነው። ከዚያ በኋላ ናፍጣ እርሻውን ጠቅልሎ ወሰደው።

ምክንያቱ እኛ ማሳ ላይ ሲታይ ግልጽ ነው። ፒክአፕ ዳገቱን ሲጨርስ ያርፋል፣ ቁልቁለት አለው፣ ይንሸራተታል። ትራክተር ቁልቁለት የለውም። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ አፈር ውስጥ ነክሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ነው የሚውለው። ቤንዚን ሞተር እንደዚያ ሲሠራ ነው በጣም የሚጠጣው። የኛው ማሲ 290 ነው፣ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር፣ 4.1 ሊትር፣ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት። ያልታረሰ ከባድ አፈር ላይ በሄክታር 20 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይበላል። ቤንዚን ቢሆን ከዚህም ብዙ ትጨምሩበታላችሁ።

ደግሞ ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዝ ናፍጣው እንዴት እንደሚያደርግ ማየት ነው። ድምፁ ይወፍራል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዙሩ ትንሽ ወርዶ ይቀጥላል። ፖምፓው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ዙሩ ሲወርድ ነዳጅ ይጨምርለታል፣ ሹፌሩ እግሩን አያነሳም። ለበቆሎ መፈልፈያም የሚያስፈልገው ይሄው ነው። መፈልፈያውን የሚያዞረው የትራክተሩ ዘንግ፣ ፒቲኦው፣ በደቂቃ 540 ዙር ላይ መቆየት አለበት። ሲወርድ ሲወጣ በቆሎው ግማሹ ሳይፈለፈል ይወጣል፣ ገበሬውም ይቆጣል፣ ልክም ነው።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር እሳት ነው። በቆሎ ስንፈለፍል ዙሪያችን ደረቅ ገለባ ነው፣ ነዳጁን በጀሪካን ነው የምንሞላው፣ የትራክተሩ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ደግሞ ይግላል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ተኑ አይያዝም። የእህቴ ባል ሲጋራ ያጨሳል። ይሄን ያህል ነው የምለው።

ትራክተር ላይ ያለን ብሶት ናፍጣ ማግኘት ነው። ትራክተሩ ማደያ ድረስ ሄዶ አይሞላም፣ ቢሄድ ግማሹን መንገድ ላይ ይጨርሳል። በጀሪካን ስንል ደግሞ ደብዳቤ አምጡ እንባላለን። ደብዳቤው ሲገኝ ናፍጣው የለም፣ ናፍጣው ሲኖር ደብዳቤው ጊዜው አልፏል። ዝናቡ ግን ማንንም አይጠብቅም። ዘንድሮ ለመዝራት ከቆጠርነው ቀን ሦስት ቀን ዘግይተናል። ይሄ የሞተሩ ጥፋት አይደለም፤ ግን ናፍጣ ልግዛ የሚል ገበሬ ጀሪካኑን ማን እንደሚሞላለት አስቀድሞ ይወቅ።

ቤንዚን ማሳ ላይ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። በበጋ አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች የሚይዟት ትንሿ የውሃ ፓምፕ ቤንዚን ናት፣ መሆንም አለባት። አንድ ሰው በትከሻው ይዟት ወንዝ ይወርዳል። በናፍጣ ያው ጉልበት ይሰጥ ቢባል ብረቱ ይወፍራል፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጭመቃው ስለሚከብድ ናፍጣ ሞተር ሁሉ ነገሩ ወፍራም ነው። ለዚህም ነው የሚቆየው፣ ለዚህም ነው የሚከብደው፣ ለዚህም ነው ዋጋው የሚወደደው።

ውጤት ስጥ ካላችሁኝ፦ ከተማ ውስጥ ለሚኖር፣ ጭነቱ የቤት ዕቃና የሳምንት ገበያ ለሆነ ሰው 2.7 ቤንዚን፣ ዓይኔን ሳላሽ። በሥራ ቀን ሁሉ ለሚጭን፣ ገጠር ለገጠር ለሚዞር፣ ፋይቭ ኤል፤ ዝግታውን ቻሉት። ኮመን ሬል ናፍጣ ከአዲስ አበባ መንገድ ለማይወጣና ለጥገና ገንዘብ ላለው ሰው። ለትራክተር ደግሞ የምትመርጡት ነገር የለም።

ሁለተኛ እጅ ናፍጣ ልታዩ ስትሄዱ ጠዋት 12 ሰዓት ሂዱ፣ ሳትደውሉ። እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ትኩስ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ ሲቀዘቅዝ እንደማይነሳ ሊደብቃችሁ ይችላል፤ ሻይ ጠጥታችሁ ወደ ቤታችሁ። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሱትና የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ጭስ እንደ ምድጃ ቦለል ብሎ ከወጣ ሞተሩ አርጅቷል። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ይበላል። ጥቁር ጭስ እግር ሲጫኑ ብቻ ከሆነ ያስታርቃል። ከዚያ አንድ ባዶ ሃይላንድ ያዙና ከማጣሪያው ሥር ትንሽ ናፍጣ ቅዱ። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጡት፣ አንድ ስኒ ቡና እስክትጠጡ ጠብቁ። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፣ ውሃ ካለ ወደ ታች ይወርድና መስመር ይሠራል። ደላላው በዚህ መሃል «ምን ትጠራጠራለህ፣ ናፍጣ እኮ ነው» ካላችሁ ጠርሙሱን አንስታችሁ አሳዩት።